ምንም ባልተበላሸበት ወር ለምን ይከፈልሃል?

ፍኖተ ሰላም ላይ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በኮንትራት የኮምፒውተር ድጋፍ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሦስተኛው ወር አለቀና ክፍያዬን ልጠይቅ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "ስማ የኔ ልጅ፣ በዚህ ወር አንድም ኮምፒውተር አልተበላሸብንም። ታዲያ የምንከፍልህ ለምኑ ነው?" አሉኝ።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የማኅበሩ ገንዘብ የአባላቱ ነው። እያንዳንዱ ብር ለምን እንደወጣ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ጥያቄያቸው ልክ ነበር። መልስ ያልነበረኝ እኔ ነኝ። "እየመጣሁ አይ ነበር እኮ" ብቻ አልኩ። ከፈሉኝ። ግን ቅር እያላቸው ነው የከፈሉኝ።

ዛሬ ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከእንጅባራ ተመርቀው የወጡ ልጆች ሲደውሉልኝ ያቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች። "ቅጥር የለም፤ በግሌ የአይቲ ድጋፍ ልጀምር ነው፤ ከየት ልነሳ?" ይሉኛል። ብዙዎቹ ስለ ኮምፒውተር እኔ በእነሱ ዕድሜ ከማውቀው በላይ ያውቃሉ። የሚቸገሩት ሌላ ቦታ ነው። የሚሸጡት ምን እንደሆነ አያውቁትም። እሱን ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው። (አንቺም ብትሆኚ ያው ነው። ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው "አንተ" የምለው።)

ጥገና ሌላ፣ ድጋፍ ሌላ

ጥገና ቀላል ነገር ነው። ላፕቶፕ ይበላሻል፣ ወደ ሱቅህ ይመጣል፣ ትሠራዋለህ፣ ተከፍሎህ ይሄዳል። ሰውየው የከፈለበትን በዓይኑ ያያል። የሞተው ነቅቷል።

ድጋፍ እንዲህ አይደለም። ድጋፍ ማለት የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በኮምፒውተር ምክንያት እንዳይቆም ኃላፊነት መውሰድ ነው። ልዩነቱ ሐኪምና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዳላቸው ዓይነት ልዩነት ነው። ሐኪሙ የታመመውን ያክማል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት የምትዞረው ሰው እንዳይታመም ነው። ሥራዋ ሲሳካ የሚታየው "ምንም አለመኖሩ" ነው። ወረርሽኝ አልገባም፤ ልጅ አልሞተም። የአንተም እንደዚያ ነው። ሥራህ ጥሩ ሲሆን አይታይም። ሥራው ላይ ያለው ትልቁ ችግር ይኼ ነው። ዋጋ አወጣጡም፣ ውሉም፣ መዝገቡም የሚመጡት ከዚህ ነው።

ጀማሪ ሆነህ በጥሪ መሥራትህ አይቀርም። ሲበላሽ ይደውላሉ፣ ትሄዳለህ፣ በአንዴ ይከፈልሃል። ለመተዋወቂያ ጥሩ ነው። ለኑሮ ግን አይሆንም። አንዱን ወር ታድርበታለህ፣ አንዱን ወር ጾምህን ነህ። የሚያቆምህ የወር ኮንትራት ነው። እንደ እኛ ባሉ ከተሞች ደግሞ ፈላጊው ሞልቷል። ክሊኒክና መድኃኒት ቤት አለ፣ የግል ትምህርት ቤት አለ፣ ሆቴል አለ፣ የገበሬዎች ዩኒየን አለ። ብዙዎቹ ከአምስት እስከ ሃያ ኮምፒውተር አላቸው፤ የአይቲ ሠራተኛ ግን የላቸውም። ሙሉ ደመወዝ ከፍለው ሰው መቅጠር አያዋጣቸውም። ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚፈልጉ ናቸው። በቂ እንደዚህ ያለ ቦታ ካገኘህ ሥራ አለህ ማለት ነው።

ነገርን ከሥሩ

ሙያው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የሚፈትንህ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። እኛ አገር "አይቲ" ማለት ፎርማት የሚያደርግ ሰው ማለት እየሆነ መጥቷል። ዘገየ? ፎርማት። ኔትወርክ እምቢ አለ? ፎርማት። ይህን ልማድ ቶሎ ካልተውከው ስምህን ያበላሽብሃል።

አንድ ቀን ሞጣ ከሚገኝ ቢሮ አንዲት ጸሐፊ ደወለችልኝ። "ኢንተርኔት ጠፋብን" አለችኝ። ስልክሽ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል ወይ? አልኳት። ይሠራል። እንግዲያው ኢንተርኔቱ አልጠፋም፤ ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ድረ ገጽ ስትከፍቺ ምን ይልሻል? አልኳት። "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" የሚል በእንግሊዝኛ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ዓመቱን "2017" ብላ አነበበችው። ትንሽ ዝም ስል "ልክ ነው እኮ፣ ዘንድሮ 2017 አይደል? ሌላ ዓመት ሲያሳየኝ እኔው ነኝ ያስተካከልኩት" አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2017 ነበር። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ግን በፈረንጆቹ ነው፤ በዚያ ደግሞ 2025 ነበር። እያንዳንዱ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፍኬት አለው። መቼ እንደተሰጠና መቼ እንደሚያበቃ ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩ ራሱን 2017 ላይ አስቀምጧል፤ የሚቀርብለት መታወቂያ ግን በ2025 የተሰጠ ነው። ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ማን ይቀበላል? ስለዚህ በሩን ዘጋ። ሰዓቱንም እንደ እኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ብለው የሚሞሉ አሉ። የስድስት ሰዓት ልዩነት ሰዓት የሚያመሳክሩ ፕሮግራሞችን ያሳስታል።

ዓመቱን በስልክ አስተካከልን፤ ኢንተርኔቱም መጣ። ግን አላለቀም። ኮምፒውተሩ መጀመሪያውኑ ቀኑን ለምን ረሳው? ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታክል፣ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይዛ የምትቆየው እሷ ናት። ደክማ ነበር። በሚቀጥለው ጉብኝት ቀየርኳት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ያንን ኮምፒውተር ፎርማት አድርጌው ቢሆን ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ ከሳምንት በኋላም መልሶ ያው ይሆናል።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይላሉ አባቶች። ይህ ለእኛ ሙያ የተባለ ነው የሚመስለኝ። ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ጠይቅ፤ ምን ሆነ? ለምንስ ሆነ? ሁለተኛውን ሳትመልስ ከቢሮው አትውጣ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ወሩ ሰኔ ነው። የሬጅስትራሩ ኮምፒውተር አልነሳ አለ። "ፋይላችሁ የት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ሁሉም ዲ ላይ ነው" አሉኝ። አመንኩና ዲስኩ ላይ ካሉት ሁለት ክፍሎች ዊንዶውስ ያለበትን፣ ሲ ድራይቭን፣ ፎርማት አደረግሁ። ዊንዶውስ ጭኜ፣ አብርቼ፣ አስረከብኩ። ሬጅስትራሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ስክሪኑን አየች። "ዴስክቶፕ ላይ የነበረው ሮስተርስ?" አለችኝ።

ዴስክቶፕ ላይ የምታየው ሁሉ የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ዳውንሎድም፣ ዶክመንትም እንደዚያው። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እነሱ አያውቁም። ማወቅ የነበረብኝም መጠየቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ። መምህራኑ የተማሪውን ሁሉ ውጤት ከእጅ ጽሑፋቸው እንደገና አስገቡት። አራት ቀን ፈጀ። አራቱንም ቀን አብሬያቸው ተቀምጬ ስጽፍ ዋልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉውን ዲስክ በሌላ ሃርድ ዲስክ ሳልገለብጥ ፎርማት አድርጌ አላውቅም። ባለቤቱ "ምንም የለበትም" ቢለኝም እገለብጣለሁ። ለሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ፤ ከዚያ አስፈርሜ አጠፋዋለሁ።

ስለ መገልበጥ ካነሳን አንድ ነገር አለ፤ ማንም አያስተምርህም። የእኛ አገር ቢሮዎች ውስጥ የድሮ የአማርኛ ሰነድ ብዙ ነው። ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተር የየራሳቸው ቁጥር የተሰጣቸው ሥርዓት፣ የግዕዝ ፊደልን የተቀበለው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ቢሮዎች የሚጽፉት የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በተለጠፈባቸው ፎንቶች ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ቁጥር ነው። ፎንቱ ካለ "ለሚመለከተው ሁሉ" ብለህ ታነበዋለህ። ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የሌለው የምልክት መዓት ነው። ሰዎቹ "ቫይረስ በላው" ይሉሃል። ቫይረስ አይደለም። አንተ ፎርማት ስታደርግ ፎንቱን ይዘኸው ሄደህ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፎንትስ የሚባለውን ፎልደር ሁሌም ገልብጠህ አስቀምጥ። አዲስ የሚጻፈውን ደግሞ በዩኒኮድ እንዲጽፉ አለማምዳቸው። የሃያ ዓመት የመሬት ፋይልና ቃለ ጉባኤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የማይነበብ ሲሆን አይቻለሁ። ያሳዝናል።

ክረምትና መብራት

መጽሐፉ ላይ ያለው አይቲና ጎጃም ላይ ያለው አይቲ አንድ አይደሉም። እዚህ ትልቁ ጠላት መብራት ነው። መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚበዛው ሲመለስ ነው። መስመሩ 220 ቮልት ይባላል እንጂ ሲመጣ ስንት ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሠራተኞቹን አንድ ነገር አስተምር። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ምንም ወጪ የለውም። ይህን ብቻ የለመደ ቢሮ ፓወር ሰፕላይ (ኮምፒውተሩ ውስጥ መብራት የሚያከፋፍለውን ሣጥን) ቶሎ ቶሎ አይቀይርም።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን) ያለው ቢሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው የሚመስለው ነው። ሣጥኑ አለ፣ መብራቱ ይበራል፤ ባትሪው ግን ሞቷል። ትንንሾቹ ውስጥ ያለው 12 ቮልት ባትሪ ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ በቂ ነው። በየጉብኝትህ ሶኬቱን ነቅለህ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለካ። ጻፈው። ባለፈው አሥራ ሁለት ደቂቃ የነበረው ዛሬ አራት ከሆነ ሊሞት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ ካየህ ወዲያው ንቀል። ሲሞቅ የሚስበው ጉልበት ለዩፒኤሱ ከባድ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ መብረቅ አለ። የእኛን ደጋ መብረቅ ታውቀዋለህ። ሰው የመብራቱን ሶኬት ነቅሎ ተረጋግቶ ይተኛል። መብረቁ የሚገባው ግን በስልክ መስመሩ ነው። ከውጭ በመጣው ሽቦ ገብቶ ሞደሙን፣ ከዚያ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ስዊች፣ ከዚያ ከስዊቹ የተያያዙትን ኮምፒውተሮች ይመታል። በአንድ ሌሊት አራት ኮምፒውተር ኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሎ ያደረበት ቢሮ ገብቼ አውቃለሁ። የመብራት ሶኬቶቹ በሙሉ ተነቅለው ነበር። ስለዚህ የስልኩም ይነቀል። ግንቦት ሲያልቅ ይህን በትልቁ ጽፈህ ሞደሙ አጠገብ ለጥፍ። ቤቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) ያለው መሆኑንም ኤሌክትሪሺያን ያረጋግጥ። ኧርዝ ከሌለ የሰርጅ መከላከያው ብዙም አይከላከልም።

ኢንተርኔትም አለ ብለህ አትመን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ሥራቸውን የቀጠሉት ሁሉን ነገር በሃርድ ዲስክ ይዘው የነበሩት ናቸው። የየኮምፒውተሩ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም)፣ የፕሪንተሩ፣ የኦፊሱ መጫኛ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚታደስ አንቲቫይረስ ያዝ። ወር በገባ ቁጥር አድሰው። ይህ ሃርድ ዲስክ መሣሪያህ ነው፤ ፊልም አትጫንበት።

ፍላሽ የሚያዞረው ቫይረስ፣ የአቧራው ነፋስ፣ የፕሪንተር ወረቀት መያዝ፣ እነዚህን በየቀኑ ስታያቸው ትለምዳቸዋለህ። ስለ ዊንዶውስ 10 ግን አንድ ቃል ልበል። ማይክሮሶፍት ነጻ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች አያሟሉም። ደንበኛህ ይህን ከአንተ መስማት አለበት፤ በጀት ከመያዙ በፊት። የትኛው ኮምፒውተር ይሻገራል፣ የትኛው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ቢገባለት ይቆያል፣ የትኛው ይወገድ ብለህ በዝርዝር ስጠው። ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ፕሮግራም) ግን አትጫን። የኮምፒውተር ፕሮግራም በ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የተጠበቀ ነው። ከሕጉም በላይ መስበሪያው ፕሮግራም ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ብር ከሌላቸው ሊብሬኦፊስ አለ። ነጻ ነው፣ በአማርኛም ይጽፋል።

ስንት ልበል?

ሁሉም ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ የራስህን አስገባ።

ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለስልክ፣ ለመሣሪያና ለግብር በወር 18,000 ብር ያስፈልግሃል እንበል። ወሩ 22 የሥራ ቀን ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ብትል 176 ሰዓት። ጀማሪው 18,000ን ለ176 ያካፍልና "በሰዓት 102 ብር ይበቃኛል" ይላል። ከዚያ ወሩ አልቆ ኪሱን ሲያይ ግማሹ የለም።

ግማሹ የት ሄደ? መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባስ እስኪሞላ ስትጠብቅ ሄደ። ራም ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ሄደ። ፕሮፎርማ ስትሞላ፣ ገንዘብ ያዥዋ እስክትመጣ ኮሪደር ላይ ስትቀመጥ ሄደ። የሚከፈልበት ሰዓት ከ176ቱ 88 ከሆነ ደህና ነህ። 18,000 ለ88 ሲካፈል 205 ብር ገደማ ነው። ዋጋህ ይህ ነው፤ እጥፉ። አንድ ቢሮ በወር ስድስት ሰዓት ጉብኝትና አራት ሰዓት የስልክና የድንገት ጥሪ ይፈልጋል ካልክ አሥር ሰዓት ነው፤ 2,050 ብር። ከዚህ በታች ከወረድክ ከኪስህ እየከፈልክ ነው የምትሠራው።

ዘመድ "እስቲ እያት" ሲልህ ምን ታደርጋለህ? እኔ ለአክስቴና ለጎረቤት በነጻ ነው የማየው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ። ለሱቃቸው ከሆነ ግን ያስከፍላል። ይህን መጀመሪያ ላይ በፈገግታ ተናገር። በኋላ ስትናገረው ቅያሜ ይሆናል።

ወረቀቱ

ያለ ንግድ ምዝገባና ያለ ንግድ ፈቃድ አትሥራ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ሁለቱንም ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉን የከተማህ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይነግርሃል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጣ። የሙያ ብቃት ምዘናውንም፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ ተፈተን። ጨረታ ላይ ይጠየቃል። ብቻህን ከከበደህ ከሁለት ሦስት ጓደኛ ጋር ሆነህ ኢንተርፕራይዝ ተደራጅ፤ መሥሪያ ቦታና ብድር ለመጠየቅ ይቀላል።

ከድርጅት ክፍያ ስትቀበል የተወሰነ ተቀናሽ ሊያዝብህ ይችላል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ 2 በመቶ ነበር፤ በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። ብዙ ልጆች ይህን ሲያዩ "ቆረጡብኝ" ብለው ይናደዳሉ። አልተቆረጠብህም። ዓመቱ ሲያልቅ ከምትከፍለው ግብር ላይ የሚታሰብልህ ገንዘብ ነው። ግን የተቀናሽ ደረሰኙን ካልያዝክ ማን ያስብልሃል? ደረሰኙን ሳትቀበል ከቢሮው አትውጣ። ለቫት ካልተመዘገብክ ደግሞ ዋጋህ ላይ 15 በመቶ ብለህ አትጨምር። ሕገ ወጥ ነው።

ውሉ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ይበቃዋል። በቃል ግን አይሁን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባው ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በጽሑፍ የሚደረግ ውል ላይ ደግሞ ሁለት ምስክር ይፈርማል። ለግል ድርጅትም ይህንኑ አድርግ። ውስጡ ምን ይግባ? ስንት ኮምፒውተር እንደምታይ፣ በቁጥር። በወር ስንት ጊዜ እንደምትመጣ። ሲደውሉልህ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደምትደርስ። ከተማው ውስጥ ከሆነ በሁለት ሰዓት ማለት ትችላለህ፤ ደምበጫ ሆነህ ለቡሬ ግን አትበል። ከዚያ የማይካተተውን ጻፍ። ጠብ የሚመጣው ሁልጊዜ ከዚህ ነው። ቶነር የማን ነው? የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ የማን ነው? እሑድ ቢደወልስ? "ዕቃ በደንበኛው ወጪ፣ ጉልበት በውሉ ውስጥ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከስንት ጭቅጭቅ አድናኛለች።

ስለ ክፍያ ጊዜ ደግሞ። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። በሰኔ ሁሉም ይሯሯጣል፤ ሰነዷ የጎደለች ክፍያ ለሚቀጥለው ዓመት ትንከባለላለች። ሥራህንና ደረሰኝህን ግንቦት አጋማሽ ላይ ጨርስ። ዩኒየኖች ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር እህል ሲገዙ ፋታ የላቸውም። በዚያ ወቅት ሚዛን ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ቢቆም ገበሬው ጭነቱን ይዞ ፀሐይ ላይ ይውላል። ስለዚህ ጽዳቱንና ምርመራውን ጥቅምት ላይ አድርግ። "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" የሚባለው ለዚህ ነው።

አደራ

የሰው ኮምፒውተር ስትከፍት የሰው ጓዳ ገብተሃል። ክሊኒክ ከሆነ የሕመምተኛው ውጤት አለ። የቁጠባ ማኅበር ከሆነ ማን ስንት እንዳለው አለ። የግል ላፕቶፕ ከሆነ የቤተሰብ ፎቶ አለ። ለሥራህ ያላስፈለገህን ፋይል አትክፈት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ግን ሕጉ ባይኖርም አደራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። በኤኒዴስክ ከሩቅ ስትገባ ሰውየው ኮምፒውተሩ አጠገብ ይኑር። ፓስወርዱን እሱ ያስገባ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ነን፤ አንድ ወሬ ካንተ ወጣ ከተባለ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ከተማው ሁሉ ይሰማል።

የመጠባበቂያ ቅጂም የአደራው አካል ነው። አስፈላጊ ፋይል በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ በሦስት ወር አንዴ አንድ ፋይል ከቅጂው መልሰህ ክፈት። ሳትከፍተው "ባክአፕ አለን" አትበል።

መዝገቡ

ወደ ሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ልመለስ። ቤቴ ገብቼ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። በዚያ ወር ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የአንድ ዩፒኤስ ባትሪ ሊሞት ሲል ቀይሬያለሁ። ከካሸሯ ፍላሽ ላይ ቫይረስ አጥፍቻለሁ። የሒሳብ ፋይሉን ቅጂ ወስጃለሁ። ሁሉንም ሠርቻለሁ፤ አንዱንም አልጻፍኩም። ሰውየው ያልተጻፈውን ከየት ያውቃሉ?

በማግስቱ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ገዛሁ። ዓምድ አሰመርኩበት። ቀን፣ ሰዓት፣ የኮምፒውተሩ ቁጥር፣ ሰውየው ምን አለ፣ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ምን ተደረገ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ የሠራተኛው ፊርማ። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ "ጥቅምት 9፣ ጠዋት 3:20፣ ኮምፒውተር 4፤ 'ድምፅ ያሰማል' ተባለ፤ የፕሮሰሰሩ ፋን በአቧራ ተዘግቶ ነበር፤ ተጸዳ፣ ፔስት ተቀየረ፤ 35 ደቂቃ።" ይኼው ነው። ወሩ ሲያልቅ ከዚያ ላይ ግማሽ ገጽ ሪፖርት አወጣለሁ። ምን ተደረገ፣ ምን ሊበላሽ ሲል ተያዘ፣ በሚቀጥለው ወር ምን ይጠበቃል። አማርኛው ሥራ አስኪያጁ የሚያነቡት አማርኛ መሆን አለበት። "ኤስኤስዲው ባድ ሴክተር አለው" አይጻፍም። "የኮምፒውተር 2 ዲስክ እየደከመ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ካልተቀየረ ፋይል ሊጠፋ ይችላል" ይጻፋል።

የመጀመሪያውን ሪፖርት ሳስገባላቸው መነጽራቸውን አደረጉና እየቆዩ አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ በጣታቸው ያዙ። "ይህ ዲስክ ስንት ያወጣል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ጸሐፊዋን ጠሩና በኅዳር ግዥ እንዲያዝ አዘዙ። ከዚያ መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው "የእኔ ኮምፒውተር የታለ? እዚህ ላይ አላየሁትም" አሉኝ። እውነትም አልነበረም። ከደብተሬ አዲስ መስመር ከፍቼ ቁጥር 7 ብዬ ጻፍኩና ወደ ጠረጴዛቸው ዞሬ ሣጥኑን መፍታት ጀመርኩ።